ሱብያኮ፣ አፊሌና ደብረ ሊባኖስ፦ ከአኒዬኔ ሸለቆ የሦስት ቀን ቆይታ



የትምህርት ክፍሉ በዚህ ሕዝባዊ ንግግር ላይ ስለ አንድ ታሪካዊ ቦታ እንዳቀርብ ሲጋብዘኝ፣ ብዙዎቻችሁ ጎንደርን ወይም መቅደላን እንደምመርጥ ሳትገምቱ አልቀራችሁም። እኔ የመረጥሁት ከሮም በስተ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአኒዬኔ ወንዝ ሸለቆ ላይ የተሰቀለችውን ሱብያኮን፣ ከእርሷም ከፍ ብላ የምትገኘውን ትንሿን አፊሌን ነው። ለመዛግብት ሥራ ሮም በቆየሁበት ወቅት አንድ የበዓል ቀን ከሳምንቱ መጨረሻ ጋር ገጥሞልኝ ሦስት ቀን ያሳለፍሁት በእነዚህ ሁለት ከተሞች ነው። ሦስት ቀን ለታሪክ ተመራማሪ ከምንም አይቈጠርም፤ ሆኖም ሰነድ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ሰነዱ የሚናገርለትን ምድር በእግሩ ሲረግጥ አንዳንድ ነገሮች ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ።

ዓላማዬ የጉዞ ወግ ማውጋት አይደለም። የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን የማይፈጅ አንድ ሸለቆ የምዕራቡን ዓለም ምንኵስና የመሠረተውን ሰው ዋሻ፣ የጣሊያንን የመጀመሪያ ማተሚያ ቤት፣ የግእዝን አዲስ ኪዳን ያሳተመው የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ያረፈበትን ከተማ፣ እንዲሁም የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ያስፈጀውን ሰው መቃብር በአንድነት ሲይዝ፣ የአገሬው ሰው ከእነዚህ የትኛውን ያስታውሳል? ለየትኛውስ መታሰቢያ ገንዘብ ያወጣል? ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር በጎርጎርዮሳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳስብ።

ሱብያኮ የሚለው ስም ከላቲን የመጣ ሲሆን «ከሐይቆቹ በታች» እንደ ማለት ነው። ሐይቆቹ ተፈጥሮ ያበጀቻቸው አልነበሩም። በ1ኛው ምዕተ ዓመት ንጉሠ ነገሥት ኔሮን ለመዝናኛ ቤተ መንግሥቱ ሲል ወንዙን በግድብ ዘግቶ ያስገኛቸው ናቸው። ከግድቦቹ ትልቁ 40 ሜትር ያህል ቁመት እንደ ነበረው ይነገራል፤ እርሱም በ1305 ፈረሰና ሐይቁ አብሮት ጠፋ። ስለዚህ ዛሬ «ከሐይቆቹ በታች» የምትባለው ከተማ አንድም ሐይቅ የላትም። ከአውቶቡስ ወርጄ ቀና ስል ያየሁት ቤት በቤት ላይ የተደራረበበት ኮረብታ ነበር፤ ከአናቱ ላይ የድሮዎቹ አበ ምኔቶች ምሽግ ተቀምጧል። እንዲህ ያለው አሰፋፈር ለኢትዮጵያዊ ዓይን እንግዳ አይደለም። ሜዳው ወባ አለበት፣ በሜዳው ጦር ያልፋል፤ ስለዚህ ሰው ወደ ላይ ይወጣል። የእኛ አምባዎች የሚናገሩትን ምክንያት የላትዚዮ ኮረብታዎችም ይናገራሉ።

ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በ480 ገደማ ኖርቻ በተባለች ከተማ ተወለደ። ለትምህርት ወደ ሮም ቢላክም የከተማዋን ኑሮ ጠልቶ ወጣ። ታሪኩን በ6ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የጻፈልን የሮሙ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ ነው። እንደ እርሱ ትረካ ወጣቱ ከሞግዚቱ ጋር መጀመሪያ ያረፈው በአፊሌ ነበር። ሞግዚቲቱ ስንዴ ልታበጥር ከጎረቤት የተዋሰችው ዕቃ ከገበታ ላይ ወድቆ ተሰበረባት። የሰው ዕቃ ሰብራ ስታለቅስ ቤኔዲክቶስ ጸለየ፣ ዕቃውም ደኅና ሆኖ ተገኘ። የአገሩ ሰዎችም ያንን ዕቃ በቤተ ክርስቲያናቸው ደጃፍ ላይ ሰቅለው ለብዙ ዘመን አኖሩት። (እኔ ይህን ባነበብሁ ቍጥር የሚታየኝ ሰፌድ ነው፤ የእኛ ሰፌድ ግን የስንደዶና የአክርማ በመሆኑ ወድቆ የሚሰበር አይደለም።) ዝናው በመሰማቱ የተጨነቀው ወጣት ከአፊሌ ሸሽቶ በሱብያኮ ገደል ውስጥ ባለ ዋሻ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። ሮማኖስ የተባለ መነኩሴም ከገደሉ አናት ላይ ሆኖ ዳቦ በገመድ ያወርድለት ነበር። ደብረ ዳሞን በገመድ የወጣችሁ ሁሉ ሥዕሉ በቶሎ ይመጣላችኋል። ዘመኑም ቢሆን ተሰዓቱ ቅዱሳን በአክሱም ምድር ገዳማትን ከመሠረቱበት ዘመን ብዙ የራቀ አይደለም። አንዱ ከሌላው ተማረ ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱም ከግብፅና ከሶርያ በረሃ የወጣውን ሥርዓት በየበኩላቸው ወደ ተራራ አወጡት።

በዋሻው ላይ የተሠራው ገዳም ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው። ከመካከላቸው የ13ኛው ምዕተ ዓመት የፍራንቸስኮስ ሥዕል የአክሊለ ብርሃን ምልክት የለበትም፤ ሰውየው ገና ቅዱስ ተብሎ ሳይታወጅ እንደ ተሣለ የሚታመነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙ ጎብኚ የሚቆመው እዚያ ነው። እኔን የሳበኝ ግን ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የቅድስት ስኮላስቲካ ገዳም ነበር።

በ1464 ወይም በ1465 ሁለት የጀርመን ቀሳውስት፣ ኮንራድ ስዋይንሃይምና አርኖልድ ፓናርትዝ፣ በዚያ ገዳም ውስጥ ማተሚያ ተከሉ። መጀመሪያ ያተሙት የላቲን ሰዋስው መማሪያ ነበር፤ 300 ቅጂ አትመው አንድም ለእኛ ዘመን አልደረሰም። የመማሪያ መጽሐፍ ዕጣው በየትም አገር ይኸው ነው፣ ተማሪ ገልጦ ገልጦ ይጨርሰዋል። ከዚያ የቺቸሮን፣ የላክታንትዮስንና የአውጉስጢኖስን መጻሕፍት በየ275 ቅጂ አወጡ። የላክታንትዮስ መጽሐፍ ላይ ጥቅምት 29 ቀን 1465 የሚል ቀን ሰፍሮበታል፤ በጣሊያን ምድር ታትመው ቀን ከተጻፈባቸው መጻሕፍትም ቀዳሚው ነው። በ1467 ማተሚያቸውን ወደ ሮም አዛወሩ። በ1472 ደግሞ ቤታቸው ባልተሸጠ የታተመ ወረቀት ተሞልቶ የሚበሉት እንዳጡ ገልጠው ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስጦስ 4ኛ አቤት አሉ። የዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት መጋዘን ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን አቤቱታ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ይህን ሁሉ የማወራው በምክንያት ነው። አቤቱታው የቀረበለት ይኸው ሲክስጦስ 4ኛ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ያለችውን የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ሰጠ። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው በዚያች ቤተ ክርስቲያን የእኛን ሰዎች ዜማ ሰምቶ ተማረከ፣ ፊደላቸውን ከእነርሱ ተማረ፣ በ1513ም መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። ቋንቋውን ግን «ከለዳዊ» ብሎ ነበር የጠራው። ከ35 ዓመት በኋላ የመጣው ሥራ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። አባ ተስፋ ጽዮን የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበር። በዘመኑ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ገዳሙን አቃጥሎ መጻሕፍቱም ከነመደርደሪያቸው ጠፍተዋል። እርሱና ባልንጀሮቹ ሮም ሆነው በ1548 እና በ1549 የግእዝ አዲስ ኪዳንን አሳተሙ። አታሚዎቹ ግእዝ ማንበብ የማይችሉ፣ ማንበብ የሚችሉት ደግሞ ማተም የማያውቁ ስለ ነበሩ ለስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ጠይቋል። ገዳሙ የተቃጠለበት መነኩሴ እሳት በአንድ ጊዜ ሊጨርሰው በማይችል ብዛት መጽሐፍ እንዲባዛ መፈለጉ የሚያስደንቅ አይደለም። ያረፈውም በ16ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በቲቮሊ ነው። ቲቮሊ ደግሞ ከሱብያኮ ቍልቍል፣ አኒዬኔ ከተራራው በፏፏቴ ወደ ሮም ሜዳ የሚወርድባት ከተማ ናት።

እዚህ ላይ ስለ ኮረብታ ከተሞች ጸጥታ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ጎብኚ ያንን ጸጥታ እንደ ጸጋ ያየዋል፤ የፋሺስት መንግሥት ግን እንደ ወህኒ ቤት ተጠቅሞበታል። ተቃዋሚን ከትልቅ ከተማ አውጥቶ መንገድ በሌለበት ኮረብታ ላይ ማስቀመጥ የታወቀ የቅጣት ዓይነት ነበር። ሐኪሙና ሠዓሊው ካርሎ ሌቪ በደቡብ ጣሊያን አሊያኖ በምትባል መንደር የታሰረው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ የተፈታው በግንቦት 1936 አዲስ አበባ በመያዟ ደስታ በተደረገ ምሕረት ነው። ለእርሱ የነጻነት ምክንያት የሆነው ቀን ለእኛ ምን እንደ ነበረ መናገር አያስፈልገኝም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የእኛ ሰዎች፣ መኳንንቱና ቤተሰቦቻቸው፣ በመቶዎች ተጭነው ወደዚያው አገር ተጋዙ። ራስ እምሩ ወደ ፖንዛ ደሴት፣ ሌሎቹ ወደ አዚናራ ደሴት፣ ወደ ሎንጎቡኮ፣ ወደ መርኮሊያኖ ተወሰዱ። ቲቮሊም ከግዞት ቦታዎቹ አንዷ ነበረች። አባ ተስፋ ጽዮን ካረፈ አራት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀር፣ ሌሎች ኢትዮጵያውያን ያንኑ ፏፏቴ እንደ እስረኛ አዳመጡ።

በሁለተኛው ቀን ወደ አፊሌ ወጣሁ። 1,500 ያህል ሰው የሚኖርባት፣ ቸዛኔዘ በሚባል ቀይ ወይን የምትታወቅ ከተማ ናት። ሮዶልፎ ግራዚያኒ በ1882 የተወለደው በእርሷ ሳይሆን የአኒዬኔ ምንጭ በሚገኝበት ተራራ ላይ ባለችው ፊሌቲኖ ነው፤ የተቀበረው ግን አፊሌ ነው። በሊቢያ በሲሬናይካ ሕዝቡን በማጎሪያ ካምፕ ሰብስቦ፣ ዑመር አል ሙኽታርን በ1931 ያሰቀለ፤ በ1935 እና በ1936 በደቡብ ግንባራችን ጦሩን የመራ፤ ከዚያም የንጉሣቸው እንደራሴ ሆኖ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቦምብ ከጣሉበት በኋላ በከተማዋ ለሦስት ቀን የተደረገውን ጭፍጨፋ እዚህ አልዘረዝርም። መንግሥታችን 30,000 ሰው እንዳለቀ አሳውቋል፤ ኢያን ካምቤል ባደረገው ሰፊ ጥናት ቍጥሩን ወደ 19,000 አቅርቦታል። ልዩነቱ ለተመራማሪ ሥራ ነው እንጂ ለማንም ማምለጫ አይሆንም።

በደብረ ሊባኖስ የሆነውን ግን መዘርዘር አለብኝ። ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የፍልሰተ ዐፅም በዓል ነው። በ1929 ዓ.ም. ያን ዕለት ገዳሙ በተሳላሚ በተሞላበት ሰዓት የጄኔራል ማለቲ ጦር ከብቦ ያዘው። በማግስቱ መነኮሳቱና ተሳላሚዎቹ በመኪና እየተጫኑ ላጋ ወልዴ በተባለው ቦታ በጥይት ተፈጁ። ዲያቆናቱ ተለይተው ወደ ደብረ ብርሃን ከተወሰዱ በኋላ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንገጫ ላይ ተገደሉ። ግራዚያኒ ለሮም በቴሌግራም ባስተላለፈው ሪፖርት 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች፣ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት መገደላቸውን ገለጠ፤ ድምሩ 449 ነው። ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ በሕይወት የነበሩ ምስክሮችን እየፈለጉ፣ ቦታዎቹንም እየረገጡ ባደረጉት ምርምር ግን ቍጥሩ እጅግ ከዚህ በላይ መሆኑ ታወቀ፤ ካምቤል በመጽሐፉ ከ1,800 እስከ 2,200 ይደርሳል ይላል።

ሰውየው በዚህ ምክንያት ፍርድ ቤት ቀርቦ አያውቅም። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን በ1948 ኢትዮጵያ ካቀረበቻቸው መካከል እርሱንና ባዶሊዮን ጨምሮ የ10 ጣሊያናውያንን ጉዳይ ለክስ የሚበቃ ሆኖ ቢያገኘውም ማንም ተላልፎ አልተሰጠም። በ1950 የአገሩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ሲፈርድበት ወንጀሉ ከናዚ ጀርመን ጋር መተባበሩ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ተፈታ፣ በ1955 ሞተ። በነሐሴ 2012 አፊሌ ራዲሞንቴ በተባለ መናፈሻዋ ውስጥ በስሙ መታሰቢያ አቁማ መረቀች። ወጪውም ከላትዚዮ ክልል መንግሥት የተገኘ 127,000 ዩሮ ነው። በግንቡ ላይ «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ሁለት ቃላት በጣሊያንኛ ተቀርጸዋል። በ2017 ከንቲባውና ሁለት የምክር ቤት አባላት ፋሺዝምን በማወደስ ወንጀል የእስራት ቅጣት ተወሰነባቸው፤ ጉዳዩ በይግባኝ ለዓመታት ተጓተተ፤ ግንቡ ግን አልተነካም። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየከተማው ሰልፍ ወጥተዋል። በመጋቢት 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ይህንኑ መታሰቢያ ለመቃወም የወጡ ሰዎች ደግሞ በገዛ ፖሊሳቸው መታሰራቸውን፣ ደስ ባይልም፣ ከታሪኩ ማውጣት አይቻልም።

በአደባባዩ ላይ ባለች ቡና ቤት ተቀምጬ ሳለ አንድ ሰማንያ ዓመት የዘለቁ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ከየት እንደ መጣሁ ጠይቀው ሲረዱ ፊታቸው በራ። አጎታቸው ከደሴ መንገድ ከሠሩት ወታደሮች አንዱ እንደ ነበር ነገሩኝ፤ «መንገዱ አሁንም አለ ወይ፣ ፕሮፌሶሬ?» አሉኝ። አለ አልኋቸው። ወይን አስቀዱልኝ። የቅዱስ ቤኔዲክቶስን የተሰበረ ዕቃ ታሪክ ትናንት የሆነ ያህል አድርገው አወጉኝ፤ ሞግዚቲቱ ስታለቅስ ድምፅዋን ሳይቀር አስመሰሉ። ደብረ ሊባኖስን ያውቁ እንደ ሆነ ስጠይቃቸው «ሊባኖስ አገር ያለው ነው?» አሉ። በነገሩ ውስጥ ተንኰል አልነበረም። አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያስቈጠረን የሸክላ ስባሪ ልቅም አድርገው የሚያውቁ ሰው፣ በእርሳቸው ዕድሜ ልክ ከሆነ ነገር አንዲት ቃል የነገራቸው አልነበረም። ነገርኋቸው። ቀኑን፣ የበዓሉን ስም፣ የራሱን የግራዚያኒን ቍጥር። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ «ዲያቆናቱ ስንት ዓመታቸው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ ዕድሜ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እርሳቸው ናቸው፤ እኛ ስንነጋገር ሁልጊዜ የምንጨቃጨቀው በብዛቱ ነው።

ከዚያ ወደ መካነ መቃብሩ ሄድሁ። የግራዚያኒ መቃብር አለ፤ አየሁት፣ ስለ እርሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ዓይኔን የያዘው የሌሎቹ ነበር። በየመቃብሩ ላይ ስም፣ የተወለዱበትና የሞቱበት ቀን፣ በትንሽ የሸክላ ገበታ ላይ የታተመ ፎቶግራፍ አለ። የወይን ገበሬው፣ የልብስ ሰፊዋ፣ በሕፃንነቱ የሞተው ልጅ፣ ሁሉም ስማቸውን ይዘው ተኝተዋል። እንገጫ ላይ ያሉት 129 ዲያቆናት ያላቸው ቍጥር ብቻ ነው፤ እርሱንም የሰጣቸው ገዳያቸው ነው።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ከመንዝ ለትምህርት እንደ ወጣ አልተመለሰም። በ1929 ዓ.ም. አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ዲያቆን ነበር። ደብረ ሊባኖስ ነበረ የሚል ዘመድ አለ፤ የለም፣ ጎጃም ተሻግሮ ቅኔ ቤት ገብቷል የሚልም አለ። አያቴ መሞቱን ስላላመኑ ተዝካሩ ሳይወጣ ቀረ። በአገራችን እንዲህ ያለ ቤተሰብ ምን ያህል እንደሆነ ማንም አልቈጠረም። የቆሎ ተማሪ ከቤቱ ከወጣ በኋላ ከደብር ወደ ደብር ስለሚዘዋወር፣ መነኩሴም በምንኵስና ስሙን ስለሚቀይር፣ አለመመለስና መገደል ለቤተሰቡ ለብዙ ዓመታት አንድ ሆነው ይኖራሉ። ችግሩ የስሜት ብቻ ሳይሆን የምርምር ዘዴም ነው፤ ስሙን በመነኮሰበት ገዳም ብንፈልግ ቤተሰቡን እናጣለን፣ በትውልድ ቀዬው ብንፈልግ ደግሞ ገዳሙን እናጣለን፤ ሁለቱን የሚያገናኝ መዝገብ አልተሠራም።

ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ «መታሰቢያው ይፍረስ?» ይሉኛል። እኔ ለመፍረሱ አልሟገትም። ያ ግንብ በ2012 አንዲት የአውሮፓ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ ምን ማድረግ እንደቻለች የሚመሰክር ሰነድ ስለሆነ፣ ሰነድ ማጥፋት ለሙያዬ አይስማማውም። አጠገቡ የራሱ የግራዚያኒ ቴሌግራም በጣሊያንኛ ተቀርጾ ቢቆም ግን እመርጣለሁ፤ ያን ሽማግሌ ያስተማራቸው ዓይነት ነገር ይሆናል። በዚህ የማይስማሙ ባልደረቦች እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ክርክራቸውንም አከብራለሁ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር የመርዝ ጋዝ መጣሉን ያመነው በ1996 ብቻ መሆኑን፣ እዚያም ያደረሰው አንጀሎ ዴል ቦካን የመሰሉ የአገሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ለአሥርት ዓመታት መወትወታቸው መሆኑን ግን አብረን እናስብ።

በሦስተኛው ቀን በወንዙ ተከትዬ ወደ ሮም ተመለስሁ። ቲቮሊ ላይ አውቶቡስ ለመቀየር ግማሽ ሰዓት ስለ ቆየሁ ፏፏቴውን ከሩቅ አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄና መልስ እንገባለን። ከዚያ በፊት አንድ ልመና አለኝ። በመውጫው በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ባዶ ወረቀቶች ተቀምጠዋል። በ1929 ዓ.ም. ለትምህርት፣ ለምንኵስና ወይም ለስእለት ወደ ደብረ ሊባኖስ እንደ ሄደ የሚነገርለት፣ ያልተመለሰም ዘመድ ያላችሁ፣ የክርስትና ስሙን፣ የተወለደበትን ቀዬ፣ የተማረበትን ደብር፣ የምታውቁ ከሆነም ዕድሜውን ጻፉልን። እርግጠኛ ካልሆናችሁም ጻፉ፤ እርግጠኛ አለመሆናችሁን ግን አስፍሩ። የመጀመሪያውን ወረቀት እኔ ሞልቼዋለሁ።